የባለ ተሳቢ መኪና የኤሌትሪክ መመለሻ መስመርና የሴንሰር ብልሽት፤ ለነጋዴዎችና ለመኪና ባለንብረቶች የቀረበ ትምህርት

ቀድሞ የወለጋ ቡና፣ ማርና ሰም በአጋሰስ ጀርባ ይጓዝ በነበረበት ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴ የበቅሎዎቹን ጀርባና የመጫኛውን ጠፍር በገዛ እጁ ሳይዳስስ ከሰፈሩ አይነሣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በባሮ ወንዝ ዳር ከተቋቋመ በኋላም፣ የምዕራብ ወለጋ ቡና ቁልቁል ወደ ጀልባው የሚወርደው በዚያው በአጋሰስ ነበር። ዛሬ ጭነቱ ከደምቢ ዶሎና ከጊምቢ በከባድ መኪና ተነሥቶ፣ በነቀምቴ፣ በባኮና በአምቦ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ይወርዳል። ነገር ግን ጠፍርን አስቀድሞ የመዳሰስ መልካም ልማድ ከአጋሰሱ ጋር አብሮ የቀረ ይመስላል። ከዛሬዎቹ የመኪና ጠፍሮች አንዱ የኤሌትሪክ ሽቦ ነው፤ እርሱም ሲላላ ጭነቱ በመንገድ ይቀራል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ነጋዴውን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ባለንብረቱ ለመለዋወጫ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባው፣ ዕቃ ሻጩም ከመሸጡ በፊት ምን መመርመር እንደሚኖርበት ለማስረዳት ነው።

፩. መመለሻ መስመር ማለት ምን ማለት ነው?

ኤሌትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ባትሪው ካልተመለሰ አይሠራም። በመኪና ላይ መሄጃው በሽቦ ሲሆን፣ መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በመኪናው ብረት፣ ማለት በሻንሲውና በሞተሩ አካል በኩል ነው። ይህን መመለሻ ባለሙያዎች ግራውንድ ይሉታል። ስሙ «መሬት» ማለት ቢሆንም መኪናው በጎማ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ከአፈር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ትርጉሙ «የጋራ መመለሻ» ብቻ ነው።

እንግዲህ በአንድ ከባድ መኪና ላይ በተለይ ሦስት ወፋፍራም የመመለሻ ማሰሪያዎች አሉ። አንደኛው የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሻንሲው ያገናኛል። ሁለተኛው ሞተሩን ከሻንሲው ያገናኛል፤ ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ የተሰቀለ ስለ ሆነ ያለዚህ ማሰሪያ ከሻንሲው የተለየ ነው። ሦስተኛው ጋቢናውን ከሻንሲው ያገናኛል፤ ጋቢናውም እንደዚሁ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ ብልሽቱ በራሱ በማሰሪያው ላይ አይታይም፤ በመብራቱ፣ በመርፌው፣ በሴንሰሩና በኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል። ስለዚህ ጥፋተኛው ተሸሽጎ ንጹሑ ይቀጣል።

የቀድሞው ፊያት 682 ኤን 3 ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ መመለሻው ቢላላ መብራቱ ይደክም፣ ሞተሪኖው ይሰንፍ እንደ ሆነ እንጂ ሌላ ብዙ መዘዝ አይከተልም ነበር። የዛሬዎቹ መኪናዎች ግን የሞተሩን ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊትና የእግሩን ፍጥነት በሴንሰር እየለኩ የሚሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚሠሩት በ5 ቮልት ስለ ሆነ ጥቂት ስሕተት ብዙ ታጠፋለች። 1 ቮልት ከ24 ቮልት ላይ ሲጎድል እምብዛም አይታወቅም፤ ከ5 ቮልት ላይ ሲጎድል ግን አንድ አምስተኛ ነው።

፪. በወለጋ መንገድ ስለ ምን ይበላሻል?

በነቀምቴና በአካባቢዋ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ደግሞ አቧራው ወደ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ያ አቧራ ጭቃ ሁኖ እርጥበቱን ይይዛል። ከጅቡቲ የሚመለስ መኪና የባሕር ጨው ያለበትን አየር ሻንሲው ላይ ይዞ ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ ማዳበሪያ ብረትን ይበላል፤ ከጆንያው የሚበነው ዱቄት በብሎኖች ዙሪያ ተቀምጦ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መዳቡን አረንጓዴ፣ ብረቱን ቀይ ያደርጋል። በመጨረሻም የመንገዱ ንውጽውጽታ ብሎኑን ያላላል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ማዳበሪያ ያመላለሰ መኪና ቡና ከመጫኑ በፊት በሚገባ መታጠብ አለበት፤ ቡና የሌላውን ሽታ ፈጥኖ ይቀበላልና። ነገር ግን የግፊት ውኃ በሽቦ መጋጠሚያዎችና በኮምፒዩተሩ ላይ በቀጥታ ቢረጭ፣ ለቡናው የተደረገው ጥንቃቄ ለመኪናው ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ አጣቢው ሣጥኑን በግፊት፣ መጋጠሚያዎቹን ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲያጸዳ ሊታዘዝ ይገባል።

፫. ነገሩን በምሳሌ

አንድ መኪና ለነቀምቴ ማዳበሪያ አራግፎ፣ ታጥቦ፣ በግንቦት መጀመሪያ ከጊምቢ ቡና ጭኖ ተነሣ እንበል። መሽቶ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ሾፌሩ የፊት መብራቱን ያበራል፤ ወዲያው የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ይወጣል። ሾፌሩ ሞተሩ ፈላ ብሎ ይቆማል፤ ይጠብቃል፤ ውኃ ይጨምራል። ሲነሣ መርፌው እንደ ገና ይወጣል። በዚህ ላይ የኤ.ቢ.ኤስ. ምልክት በሰሌዳው ላይ በርቶ አልጠፋም ይላል።

ሾፌሩ ለባለንብረቱ ይደውላል፤ ባለንብረቱም በማግሥቱ የሙቀት ሴንሰር ገዝተው ይልካሉ። «ጋሼ፣ ሴንሰሩ ተቀይሯል፤ መርፌው ግን ያው ነው» የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። ሁለተኛ ሴንሰር ይላካል፤ ቀጥሎም የኤ.ቢ.ኤስ. ሴንሰር። በዚህ መካከል ሌሊቱን ይዘንባል፤ ሸራውም አርጅቷልና ውኃ ወደ ጆንያዎቹ ይገባል። ቡና ሲከማች እርጥበቱ ከ12 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የራሰው ጆንያ ይሻግታል፣ ሽታውንም ለጎረቤቱ ያካፍላል። እንግዲህ ሦስት ሴንሰር፣ ሁለት ቀን፣ ከሁሉም በላይ የገዢው እምነት ይጠፋል።

በሦስተኛው ቀን መኪናው በቀን ብርሃን እየተጎተተ ያህል ነቀምቴ ይገባና አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ይመለከቱታል። «ልጄ፣ መብራቱን አብራ» ይሉታል ሾፌሩን። መርፌው ይወጣል። «አጥፋው።» መርፌው ይወርዳል። «ውኃ እንዲህ በቅጽበት አይፈላም፤ በቅጽበትም አይቀዘቅዝም። የሚዋሸው መርፌው እንጂ ሞተሩ አይደለም» ይላሉ።

ይህች አንዲት ሐሳብ የትምህርቱ ቁልፍ ናት። የመብራት ማብሪያ ከውኃ ሙቀት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሁለቱ አብረው ከተነቃነቁ በአንድ መመለሻ ይጠቀማሉ ማለት ነው። ባለሙያው በሞተሩ አካልና በሻንሲው መካከል ሲለኩ 1.6 ቮልት ያገኛሉ። በዚያ ሰዓት በመመለሻው የሚያልፈው ኀይል 40 አምፔር ቢሆን፣ የማሰሪያው ተቃውሞ 0.04 ኦም ብቻ ነው ማለት ነው፤ 40 ሲባዛ በ0.04 እኩል 1.6 ነውና። ማሰሪያው ተፈትቶ ሲታይ ከብሎኑ ሥር ዝገት አለ፤ ከመዳቡም ክሮች ግማሹ ተበልቷል። ተጠርጎ በአዲስ ማሰሪያ ሲተካ መርፌው ይረጋል።

የኤ.ቢ.ኤስ. ምልክት ግን እንደ በራ ይቀራል። ይህም ሁሉ ጥፋት የመመለሻው እንዳልሆነ ያስተምራል። ባለሙያው እግሩን ሲመለከቱ፣ ቀደም ሲል ኩሽኔታ ሲቀየር ሴንሰሩ ከጥርሳሙ ቀለበት ርቆ እንደ ተተወ ያገኙታል። በእጅ ተገፍቶ ቀለበቱን እስኪነካ ድረስ ሲገባ፣ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ምልክቱ ይጠፋል። በሣጥን ተመልሶ የመጣው አዲሱ ሴንሰር፣ እንደዚሁም አሮጌዎቹ ሁሉ፣ ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከቡናው የከፋ አደጋ ተሸሽጓል። ሾፌር መርፌው እንደሚዋሽ አንድ ጊዜ ከለመደ፣ ሞተሩ በእውነት በፈላ ቀን አያምነውም።

፬. የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፤ መጠየቅ። ብልሽቱ የሚመጣው መቼ ነው? መብራት ሲበራ፣ ፍሬን ሲረገጥ፣ ፍሬቻ ሲሰጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ ወይስ መኪናው ከታጠበ በኋላ? በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል ወይስ ብየዳ ተደርጎለታል? ብዙ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ የሚታወኩ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቀን ተበላሹ ከማለት ይልቅ የጋራ መመለሻቸውን መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ባትሪውን መለካት። ሲኖትራክ፣ ኢቬኮ ትራከርና ኢሱዙ ኤፍ ኤስ አር የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ይኸውም ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩ ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ በሚገባ የተሞላ ባትሪ እያንዳንዱ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሁለቱ ባንድነት ወደ 25.2 ቮልት ያሳያሉ። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ከ27 እስከ 28.5 ቮልት ገደማ መስጠት አለበት። ደካማ ባትሪ እያለ ሌላውን መመርመር ድካም ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ማየትና መዳሰስ። ሦስቱን ማሰሪያዎች ተከትሎ ዝገት፣ የተበጠሰ ክር፣ የላላ ብሎንና ከሥሩ የተቀባ ቀለም መፈለግ ነው። ቀለም ኤሌትሪክ አያሳልፍም፤ መኪናው ካማረበት ከቀለም ቤት ወጥቶ ወዲያው መታወክ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፤ ሥራ ላይ እያለ መለካት። ብዙዎች ቴስተር የሚሉትን መልቲሜትር በዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ማሳረፍ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር የሚነበበው ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ በሞተሩና በሻንሲው፣ በሻንሲውና በጋቢናው መካከል ሲለካ 0.1 ወይም ቢበዛ 0.2 ቮልት መሆን ይገባዋል። ከዚህ በላይ ከሆነ ጥፋቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት መኪናውን አጥፍተው በኦም በመለካታቸው ነው። ከላይ የተነገረው 0.04 ኦም በተራ መሣሪያ ላይ ባዶ መስሎ ይታያል፤ የመሣሪያው የራሱ ሽቦ እንኳ ከዚህ የበለጠ ተቃውሞ አለው። የሙከራ አምፑልም እንዲሁ ያታልላል፤ ጥቂት ኀይል ብቻ ስለሚፈልግ በተበላ ማሰሪያ ላይም ይበራል። ጠፍር የሚፈተነው ጭነት ሲኖርበት ነው።

አምስተኛ፤ ማረጋገጥ። ወፍራም የባትሪ ማስነሻ ገመድ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ማሰር ነው። ብልሽቱ ወዲያው ከጠፋ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ አንድም ዕቃ ሳይገዛ ጥፋተኛው ተለይቷል።

ስድስተኛ፤ መጠገን። አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፤ ሲያበቁ እርሱን በመጨረሻ ማሰር ግዴታ ነው። መጋጠሚያውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ማጽዳት፣ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከታሰረ በኋላ እርጥበት እንዳይገባበት ከላዩ ግራሶ ወይም ቫዝሊን መቀባት ይገባል።

፭. ወደ ሴንሰሩ ሲደረስ

መመለሻው ጤና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ወደ ሴንሰሩ ይኬዳል። የሙቀት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ሲጨምር ተቃውሞው የሚቀንስ ነው። ስለዚህ በሴንሰሩ ሽቦ ላይ ዝገት ተቃውሞ ሲጨምር ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛ አድርጎ ያያል። ባለ አንድ ሽቦ የሆነውና መመለሻውን በራሱ ጥርስ በኩል ከሞተሩ ብረት የሚያገኘው ዓይነት ደግሞ፣ እንዳያፈስ ተብሎ በነጭ ፕላስተር ከተጠቀለለ መመለሻውን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ብልሽት ጸጥተኛ ስለ ሆነ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ እየፈላ መርፌው ሰላም ነው ይላል።

ሽቦ ተጠምጥሞበት የተሠራው የእግር ኤ.ቢ.ኤስ. ሴንሰር ከመጋጠሚያው ተላቅቆ ሲለካ በብዙ መኪናዎች ከ1000 እስከ 2000 ኦም ባለው መካከል ያሳያል። እግሩ ከመሬት ተነሥቶ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ በእጅ ሲዞር፣ መሣሪያው በኤሲ ቮልት ላይ ሁኖ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከተነበበ ሴንሰሩ ሕያው ነው። ቮልቱ ካነሰ አስቀድሞ ርቀቱን፣ የቀለበቱን ጭቃና የኩሽኔታውን መላላት መመልከት እንጂ ወደ ሱቅ መሮጥ አይገባም።

፮. ስለ ተሳቢው

ተሳቢው ከሳቢው ጋር በብረት ተያይዟልና መመለሻ አያጣም የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሚያያዝበት ሰሌዳ በግራሶ የተቀባ ነው፤ ግራሶም ኤሌትሪክ አያሳልፍም። በተለመደው ባለ ሰባት እግር የ24 ቮልት መጋጠሚያ የመመለሻው ቦታ 1ኛው እግር ሲሆን ሽቦው ነጭ ነው፤ በቀድሞ ጥገና ቀለሙ ተለውጦ እንደ ሆነ ግን በመለካት ማረጋገጥ ይገባል። ይህ እግር ሲዝግ ኀይሉ በሌላው አምፑል በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የግራ ፍሬቻ ሲሰጥ የፍሬን መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። በሌሊት በጉም ውስጥ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲህ ያለውን ምልክት አይረዳም፤ ጉዳቱም በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል።

፯. ሦስት ክልክል ነገሮች

አንደኛ፤ ሻንሲ ሲበየድ ባትሪው ሳይፈታ፣ የኮምፒዩተሩም መጋጠሚያ ሳይላቀቅ ብየዳ አይጀመርም። የብየዳው መመለሻ መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል እንጂ በሩቅ አይታሰርም፤ ያለዚያ ኀይሉ መንገዱን በኩሽኔታና በሴንሰር ውስጥ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ለሬዲዮ ወይም ለስልክ መሙያ ተብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት አይወሰድም። አንዱ ባትሪ ሲራብ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ይጠግባል፤ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ መግዛት ይረክሳል።

ሦስተኛ፤ የተቃጠለ ፊውዝ በበለጠ አምፔር ወይም በሽቦ አይተካም። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ሽቦው ከተቃጠለ ግን ጭነቱም አብሮ ሊነድ ይችላል።

፰. ለመለዋወጫ ነጋዴና ለአስመጪ

ሴንሰር ለመግዛት የመጣውን ደንበኛ «ባትሪው ስንት ቮልት ነው? መመለሻው በሥራ ላይ ተለክቷል? አሮጌው ሴንሰር ስንት ኦም አሳየ?» ብሎ መጠየቅ ሽያጭን የሚያሳጣ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የማያስፈልገውን ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ሊመልስ ይመጣል፤ ካልተመለሰለትም ዳግመኛ አይመጣም። አስመጪውም በውድ ሴንሰሮች ብቻ ሱቁን ከመሙላት ይልቅ፣ በልኩ የተሠራ የመመለሻ ማሰሪያ፣ ውኃ የማያስገባ መጋጠሚያ፣ ትክክለኛ ፊውዝና ባለ ሰባት እግር መጋጠሚያ ቢያስመጣ ዋጋቸው ጥቂት፣ ፈላጊያቸው ግን ብዙ ነው። ባለንብረቱ በበኩሉ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይክፈት፤ ቀኑን፣ የተለካውን ቮልትና የተሠራውን ሥራ ያጽፍበት። ማሰሪያዎቹንም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ክረምቱ ሳይገባ በሚያዝያ፣ አንዴ የቡናው ጭነት ሳይጀመር በጥቅምት ያስመርምር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ በጋራዥ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በዴዴሳ ሸለቆ ሦስት ቀን ይፈጃል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የሙቀት መርፌው መብራት ሲበራ የሚወጣ፣ ሲጠፋ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በእርግጥ ፈልቷል ማለት ይቻላልን? ምክንያቱ ይገለጽ።
2. በመመለሻው 50 አምፔር እያለፈ 1 ቮልት ቢነበብ የማሰሪያው ተቃውሞ ስንት ኦም ነው?
3. መኪናው ጠፍቶ በኦም መለካት ስለ ምን ያታልላል?
4. በባለ ሰባት እግር መጋጠሚያ ላይ አስቀድሞ የሚመረመረው የትኛው እግር ነው?
5. ማዳበሪያ ያመላለሰ መኪና ቡና ከመጫኑ በፊት ሲታጠብ ለአጣቢው ምን ትእዛዝ ሊሰጠው ይገባል?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ 0.02 ኦም ነው። የቀሩትን አንባቢው ከትምህርቱ ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ከሾፌሩና ከመካኒኩ ጋር ተቀምጦ ቢነጋገርባቸው ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።